አምፕሊፋየር ስመርጥ የተተከለው ድንኳን

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ በዋለው ሁለተኛው ቅዳሜ፣ ሰቆጣ ውስጥ ነው። አልረሳ ያለኝ፣ አንድ ዕቃ ለመምረጥ ስል አንድ ሰፈር ሙሉ ሰው ስላስለቀስኩ ነው። ያለቀሱት ደግሞ ከልባቸው ነበር።

በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። ተማሪዎቼ «መምህር ከመግቢያው ካልጀመረ ወደ ውስጥ አይገባም» ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው።

ፊዚክስ አስተምራለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ነው፤ ሰቆጣ ከተመደብኩ ያኔ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነበር። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁ ውስጥ ጥሩ ቴፕ ነበረው፤ ሥራ ሲያበቃ የስፌት መኪናውን ይሸፍንና እኔና እሱ ቁጭ ብለን ዘፈን እንሰማ ነበር። ማውራት አይፈቀድም። ከዚያ የተነሳ ለእኔ ሙዚቃ መስማት ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነው።

ሰቆጣ ስመጣ አንድ የተዛወረ መምህር ሁለት ትልልቅ የእንጨት ስፒከሮች ሸጦልኝ ሄደ። ስፒከር ግን ብቻውን ምንም አይሠራም። ከስልክ የሚወጣው ድምፅ ደካማ ነው፤ አምፕሊፋየር የሚባለው ማሽን ያንን ተቀብሎ አጠንክሮ ለስፒከሩ ካልሰጠው ስፒከሩ ሣጥን ነው። የእኔዎቹም ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ሣጥን ሆነው ከረሙ። አከራዬ አንዱ ላይ የአበባ ማስቀመጫ፣ ሌላው ላይ የልብስ ካውያ አስቀምጠውበት ነበር።

ዐቢይ ጾም ሲያልቅ አምፕሊፋየር ፍለጋ ወጣሁ። ጋሽ ካሳው የሚባሉ ሰው ዲሽ፣ የሶላር መብራትና ቻርጀር የሚሸጡበት ሱቅ አላቸው። ከኋላ መደርደሪያቸው ላይ ሁለት አምፕሊፋየሮች አገኘሁ። አንዱ አዲስ ነው፤ ፊቱ ላይ ሰማያዊ መብራት ከድምፁ ጋር ይጨፍራል። ሌላው አሮጌ፣ ግራጫ፣ እንደ ወፍጮ ድንጋይ የሚከብድ፣ አንድ ማዞሪያው የወለቀ ነው።

ጋሽ ካሳው አዲሱን ከፈቱልኝ። ዕቃ የሚያስሞክሩበት ዘዴ አንድ ብቻ ነው፤ ያለውን ማዞሪያ ሁሉ እስከ መጨረሻው ማዞር። የመደርደሪያው መስታወት ተንቀጠቀጠ።

«ሰማህ?» አሉኝ እየጮኹ። «በዚህ ሰርግ ብትደግስ ጠሪ መላክ አያስፈልግህም!»

«ጋሽ ካሳው፣ እኔ የምፈልገው ቤቴ ቁጭ ብዬ ለብቻዬ የማዳምጥበት ነው።»

«ለብቻህ?» ድምፁን ቀነሱና አዩኝ። «ለብቻህ ከሆነማ ስልክህ ምን ሆነና?»

ስለ ድምፅ ጥራት ማስረዳት ጀመርኩ። ከጎን ካለው ወፍጮ ቤት ጩኸት የተነሳ ግማሹን አልሰሙኝም፤ የሰሙትም ግማሽ አልጣማቸውም። «ጥራቱማ ይኸው» ብለው አዲሱ ላይ ያልተላጠውን ላስቲክ በጣታቸው መታ መታ አደረጉልኝ።

በዚያ ጩኸት መሀል መምረጥ እንደማይቻል ሁለታችንም ገባን። ልጃቸውን ስለማስተምር አመኑኝ። «ሁለቱንም ቤትህ ወስደህ ሞክር። ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ግን አንዱን መርጠህ ሌላውን ትመልሳለህ። ከዚያ አንዲት ደቂቃ አልጠብቅም» አሉኝ።

እኔም እንደ ልማዴ ደብተር አወጣሁ። በማስመሪያ ሠንጠረዥ ሠራሁና ሦስት ደንብ ጻፍኩ። አንደኛ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ድምፅ ያጫውታሉ። ሁለተኛ፣ የድምፁ መጠን ድምፁ በተፈጥሮው ካለው መጠን አይበልጥም፤ ምክንያቱም ጩኸት ጉድለትን ይሸፍናል። ሦስተኛ፣ የሚጫወተው ድምፅ ኦሪጅናሉን በጆሮዬ የማውቀው መሆን አለበት።

ሦስተኛው ደንብ ነው ጣጣ ያመጣብኝ። ዘፋኞቹን ሁሉ የማውቃቸው በካሴትና በስልክ ነው፤ አንዳቸውንም ፊት ለፊት ሰምቼ አላውቅም። ማሽኑ ድምፃቸውን ቢያበላሽ በምን አውቃለሁ? በየቀኑ ፊት ለፊት የምሰማው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ የአከራዬ የእማማ ትብለጥ ድምፅ።

እማማ ትብለጥ የሰፈሩ አስለቃሽ ነበሩ። በአማርኛም በአገሬው ቋንቋ በኽምጣናም ሙሾ ያወርዳሉ። እሳቸው ለቅሶ ቤት ሲገቡ ሟቹን የማያውቅ ሰው እንኳ ያለቅስ ነበር ይባላል። እኔ ሰቆጣ ከመምጣቴ ጥቂት ቀደም ብሎ ባለቤታቸው አቶ ምስጋናው ሞቱ። ያን ቀን ድምፃቸው ተዘጋ። ለአገር ሰው ሁሉ ያለቀሱት ሴት ለገዛ ባላቸው አንድ ስንኝ ሳይወጣቸው ቀብሩ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲሞት ይሄዳሉ፤ ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ፤ አንድ ቃል አያወጡም።

ሐሙስ ዕለት ክፍሌ ጠርቼ አስቀመጥኳቸውና ስልኬን ፊታቸው ደገንኩ።

«ምን ልበል?» አሉኝ።

«የፈለጉትን ይበሉ እማማ። ለሁለት ደቂቃ ብቻ።»

ሁለቱን ደቂቃ ሙሉ መብራት ሳላጠፋ ስለመውጣቴ ተናገሩ። ጥሩ ነበር፤ ግን ሁሉም በአንድ ከፍታ ነው። ማሽን ለመፈተን የሚወጣና የሚወርድ ድምፅ እንደሚያስፈልግ በእጄ በአየር ላይ ሞገድ እየሣልኩ አስረዳኋቸው።

የእጄን ሞገድ በዐይናቸው ተከተሉና፣ «እኔ የማውቀው የሚወጣና የሚወርድ ነገር አንድ ነው» አሉ።

ከዚያ ጀመሩ። የስልኩን መስታወት ብቻ እያየሁ ተቀመጥኩ፤ ቀና ለማለት አልደፈርኩም። ብዙው በኽምጣና ስለሆነ አልገባኝም። በአማርኛ ካወረዱት ይህን እስከ ዛሬ በቃሌ ይዤዋለሁ፦

ሳልህን ሰምቼ በር እከፍት ነበር፣
አሁን ማን ይሳልልኝ፣ ተዘግቶ ቀረ በር።

ሲጨርሱ በነጠላቸው ጫፍ ዐይናቸውን ጠረጉ። «ይህን ለእሱ አላልኩለትም ነበር» አሉኝ። እኔ ደግሞ «ቅጂው በጣም ጥሩ ወጥቷል» አልኳቸው። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆሙ። «እኔ ግቢ ውስጥ በሌለሁበት ክፈተው። ራሴን ስጮህ መስማት አልፈልግም። ደግሞ ካንተ ሌላ ጆሮ እንዳይሰማው። ሬሳ በሌለበት ሙሾ አይሰማም፤ ነውር ነው። ሰው ከሰማው ዕቃህን ጠቅልለህ ትወጣለህ።»

እማማ ትብለጥ የማያደርጉትን አይናገሩም። ከእኔ በፊት የነበረው ተከራይ በጾም ቀን ሥጋ ጠብሶ በሦስተኛው ቀን ወጥቷል። እኔ ደግሞ ከዚያ ቤት መውጣት አልፈልግም ነበር። ሰቆጣ ውስጥ ሌላ ክፍል አይጠፋም፤ ስዘገይ ራት ሸፍኖ የሚያቆይልኝ ሰው ያለበት ክፍል ግን ሌላ አላውቅም።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ እማማ ዘንቢላቸውንና ጃንጥላቸውን ይዘው ወደ ገበያ ሄዱ። የውጭውን በር ገርበብ አድርጌ ክፍሌ ገባሁና መቀርቀሪያውን ወረወርኩ። መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፈንኩ። የበሩን ሥር በፎጣ ደፈንኩ። መሀል ላይ ስልክ ቢደወል ፈተናው ስለሚበላሽ ስልኬ ጥሪ እንዳይቀበል አደረግሁት። ይህን ሁሉ ያደረግሁት ለጥንቃቄ መሆኑን አንባቢ ይመዝግብልኝ።

በአዲሱ ጀመርኩ። ሰማያዊው መብራት ጨፈረ። ድምፁ የእማማ ነው፤ ነገር ግን እማማ በርሜል ውስጥ ገብተው የሚያለቅሱ ይመስላል። ደግሜ ሰማሁት፤ ሠለስኩት። ደብተሬ ላይ ከአሥር አራት ሰጠሁት። ለመብራቱ ነጥብ አልያዝኩለትም።

ቀጥዬ አሮጌውን አገናኘሁ።

እማማ ተመልሰው የመጡ መስሎኝ ከወንበሬ ተነሳሁ። እውነቴን ነው። ትንፋሻቸውን ከመሳባቸው በፊት ከንፈራቸው ሲላቀቅ ይሰማል። ድምፃቸው ከስፒከሮቹ ሳይሆን ከመሀላቸው፣ ከባዶው ቦታ ነው የሚመጣው፤ ልክ እዚያ ሰው ቆሞ እንደሚያለቅስ። የድምፁን መጠን በደንቡ መሠረት ከእሳቸው ከራሳቸው መጠን ጋር እኩል አድርጌዋለሁ። የእማማ መጠን ግን የእኔና የእርስዎ የጭውውት መጠን አይደለም፤ የአስለቃሽ ድምፅ ነው። የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ባለው ቤት ብርድ ልብስ ምን ያህል እንደሚያቆመው ፊዚክስ አስተማሪ ሆኜ ማስላት ነበረብኝ። አላሰላሁም።

አዲሱን የሰማሁት ሦስት ጊዜ ነው፤ ይህንን ግን ስለወደድኩት አራተኛ ጊዜ ከፈትኩት። ዐይኔን ጨፈንኩ። በዚያን ጊዜ ከእማማ ድምፅ በስተጀርባ ሌሎች ድምፆች ሰማሁ። ቀጭን ቀጭን የሴቶች ድምፅ፣ እየተቀበሉ የሚያለቅሱ። ቅጂው ላይ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ጥሩ አምፕሊፋየር ቅጂ ውስጥ የተደበቀውን ሁሉ ያወጣል ሲባል እሰማ ነበር። ቶሎ ብዬ ደብተሬ ላይ «ቀድሞ ያልተሰማ ዝርዝር ተሰማ» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ አሰመርኩበት። ከአሥር አሥር።

ቅጂው አለቀ። ልቅሶው ግን አላቆመም።

ማሽኑን አጠፋሁ። አሁንም አላቆመም። ገመዱን ነቀልኩ። ይባስ ብሎ ጨመረ።

በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ግቢው በሰው ተሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እማማ በር ፊት መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ደረት ይመታል። ሁሉም ወደ መሬት ስለሚያዩና እኔ ከጓሮ በኩል ካለው በሬ ስለወጣሁ ማንም አላየኝም። ከአጥሩ ሥር ሁለት ሰዎች ድንኳን ይወጥራሉ። ወደ አንደኛው፣ ወደማላውቀው ሰው ጠጋ አልኩ።

«ምን ተፈጠረ? ማን ሞቶ ነው?»

«መምህሩ፤ ተከራዩ» አለኝ ሳይዞር። «እስቲ ያንን ጫፍ ያዝልኝ።»

ያዝኩለት። ለምን እንደያዝኩ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ምናልባት ግቢው ውስጥ ሌላ መምህር ተከራይ ያለ መስሎኝ ይሆናል። እንዲያውም ገመዱ በጣም ቀጥ ብሎ ስለተወጠረ፣ «ትንሽ ዘቅዘቅ ብታደርገው ጉልበቱ ወደ ካስማው ይከፋፈላል» ብዬ አስረዳሁት። አደረገው። ድንኳኑ ቀጥ አለ።

«ደህና ታውቃለህ። የሟቹ ባልደረባ ነህ?» አለኝ።

«እኔ እዚሁ ነው የምኖረው» ስለው ነው ነገሩ በራሴ አፍ የገባኝ።

በዚያው ቅጽበት የጎረቤታችን የእትዬ ዝማም ዐይን ከእኔ ላይ አረፈ። እትዬ ዝማም ግድግዳችንን የሚጋሩ ሴት ናቸው። መጀመሪያ አማተቡ። ከዚያ የጮኹት ጩኸት በየትኛውም ማሽን የሚቀዳ አይደለም። ግማሹ ሰው ወደ እኔ ሮጠ፣ ግማሹ ከእኔ ሸሸ።

የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ፈንታው ከዘራቸውን ይዘው መጡ፤ በከዘራው ጫፍ ሆዴን ነካ ነካ አደረጉኝ።

«ሰው ነህ?»

«ሰው ነኝ ጋሽ ፈንታው።»

«ታዲያ ስልክህ ለምን ዝግ ሆነ? ባልደረቦችህ ስንት ጊዜ ደወሉልህ!»

«ለፈተና ነው…»

«የምን ፈተና? በቅዳሜ?»

ነገሩን ቁጭ አድርጌ ሳጠናው እንዲህ ነው የሆነው። እትዬ ዝማም የእማማን ሙሾ በግድግዳው ሰሙ። ከሁለት ዓመት በላይ አፏን ያልፈታች ሴት ዛሬ ካለቀሰች፣ ቤቷ ውስጥ የሞተው እንደ ልጇ የምታየው ሰው ነው አሉ። ስለ ሳልና ስለ በር የሚለውን ሲሰሙ ደግሞ ጥርጣሬያቸው ሁሉ ጠፋ። እኔ ጠመኔ ጉሮሮዬን ስለሚይዘኝ ከሥራ ስመለስ እየሳልኩ ነው የምገባው። «ያ ሳል ጨረሰው!» ብለው ወጡ። በሬ ከውስጥ መቀርቀሩ ሲታይ፣ እማማ ከሬሳዬ ጋር ራሳቸውን ዘግተው ነው ተባለ። በር እንስበር ያሉ ነበሩ። የከለከሉት ጋሽ ፈንታው ናቸው። «ተዉአት፤ ይውጣላት፤ የታመቀ ነው» ብለው ሰው ሁሉ በዝምታ እንዲቀመጥ አደረጉ። አራተኛው ላይ ሴቶቹ መያዝ አቃታቸው።

«ታዲያ ያለቀሰችው ማን ናት?» አሉ ጋሽ ፈንታው።

«አምፕሊፋየሩ ነው» አልኩ። ደብተሬን አውጥቼ ሠንጠረዡን አሳየኋቸው።

«ስንት ሰጠኸው?»

«አሥር።»

«የእኔንስ እንባ ስንት ትሰጠዋለህ?» አሉ እትዬ ዝማም። ነጠላቸውን አራገፉ። «ለአንተ ብዬ ያፈሰስኩትን! ሽሮዬን እሳት ላይ ጥዬ! መጀመሪያማ ከበርሜል የሚወጣ ድምፅ ሰምቼ ሬዲዮ ነው ብዬ ማማሰሌን ቀጥዬ ነበር። ቆይቶ ራሷ ትብለጥ መጣች እንጂ!»

ማሩኝ፤ እዚያው ቆሜ ይህንን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። እኔ አራት የሰጠሁትን እሳቸው በግድግዳ በኩል አራት ሰጥተውታል።

ሰው መሳቅ ጀመረ፤ ያልሳቅሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሰው ከሰማው ትወጣለህ ተብያለሁ። የሰማው ደግሞ ዕድሩ በሙሉ ነው። «እባካችሁ፣ እማማ ሳይመጡ ድንኳኑን እንንቀል፤ ማንም ምንም አልሰማም እንበል» ብዬ ለመንኳቸው።

«ንፍሮው ተጥዷል» አለች አንዲት ሴት።

ይህን ስትል ከመንገዱ በኩል ድምፅ መጣ። የእማማ ትብለጥ ድምፅ ነው። ማሽኑን ግን በገዛ እጄ ነቅያለሁ።

ወፍጮ ቤቱ ጋ አንድ ሰው «መምህሩ ልጅዎ አረፈ» ብሏቸው ኖሯል። ዘንቢላቸውን ጥለው፣ ጫማቸው አንዱ ወልቆ፣ ነጠላቸው መሬት እየጠረገ በሩን ገፍተው ገቡ። እየመጡ ያወርዳሉ፤ መንገድ ላይ ነው የገጠሙት።

ጠመኔ ለብሶ ነው ልጄ የሚመጣው…

እዚህ ላይ አዩኝ። የድንኳኑን ካስማ ተደግፌ ቆሜያለሁ። ስንኙ አፋቸው ላይ ቀረ። ቀስ ብለው መጡ፤ ፊቴን በሁለት እጃቸው ዳበሱ፤ ከዚያ በጃንጥላቸው ትከሻዬን ሦስት ጊዜ ጠበጠቡኝ። በጣም ያማል።

«ምን ሆነህ ነው ያልሞትከው?» አሉኝ እያለቀሱ።

ከዚያ ድንኳኑን አዩ። ሴቶቹን አዩ። ምን እንደተሰማ ለመረዳት ጊዜ አልወሰደባቸውም። ፊታቸው ተለወጠ።

«ሰማችሁት?» አሉ።

እትዬ ዝማም ወደ መሬት አዩ።

ትወጣለህ ያሉኝን መድገም አያስፈልጋቸውም ነበር። ክፍሌ ገብቼ ልብሴን በአንሶላ መጠቅለል ጀመርኩ። መጽሐፎቼን በመጠናቸው ደረደርኩ። ምን ላድርግ፣ ሳዝንም እደረድራለሁ። የማፍረው ስለ ክፍሉ ብቻ አልነበረም። ለባላቸው ያላሉትን ለእኔ አምነው ሰጡኝ፤ እኔ ደግሞ ለሰፈር በተንሁት።

ጥቅሌን ይዤ ስወጣ ጋሽ ፈንታው ይናገሩ ነበር።

«ትብለጥ፣ ድንኳኑ ተተክሏል። ምስጋናው የሞተ ቀን እኛ ሁላችን አፍረን ነው የቀበርነው። አስለቃሽ ቤት ሙሾ ጠፋ ተባለ። ዛሬ ሰማነው። ዘገየ እንጂ የእሱ ነው። ይህ ሁሉ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ተቀምጧል፤ እንዲሁ ሂዱ ትይናለሽ?»

ከእማማ ቀድመው የተናገሩት እትዬ ዝማም ናቸው። «ለመሆኑ ከ‹ተዘግቶ ቀረ በር› ቀጥሎ ምን ብለሽ ነው? እኔ እያለቀስኩ አመለጠኝ።»

«አመለጠሽ?» እማማ ዞሩ። የባለሙያ ዐይን ነበር። «እንዴት ያመልጥሻል? ዋናው እሱ አይደል!»

ድንኳኑ ውስጥ ገብተው ተቀመጡና ያቺን ስንኝ አሏት። ቀጥለው ሌላ አሉ፤ ቅጂው ላይ የሌለ። ከአማርኛው ወደ ኽምጣናው ሲሻገሩ አሮጊቶቹ ተቀበሏቸው። በዚያ በር ላይ ሳላቸውን ሲያሰሙ የኖሩት አቶ ምስጋናው ማን እንደነበሩ፣ አንድም ቀን ሳላያቸው፣ ያን ቀን አወቅሁ። ጥቅሌን እንደተሸከምኩ አለቀስኩ። ኦሪጅናሉ ከአሮጌው አምፕሊፋየር ይበልጣል። በብዙ ይበልጣል።

ንፍሮው ሲቀርብ እማማ ቀና ብለው አዩኝ።

«ምንድን ነው የተሸከምከው?»

«ዕቃዬን ነው እማማ። ሰው ሰማው፤ ልሄድ ነው።»

«ይህ ሁሉ ንፍሮ የተቀቀለው ለማን ነው? ቁጭ በል!»

ቁጭ አልኩ። የገዛ ለቅሶዬን ንፍሮ በላሁ። ጨው ትንሽ አንሶት ነበር፤ ግን ይህንን የምናገርበት ቀን አልነበረም።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ጋሽ ካሳው ጋቢያቸውን ለብሰው ገቡ። አንገታቸውን ደፍተው ከጋሽ ፈንታው አጠገብ ተቀመጡ። «ነፍሱን ይማር። እንዴት ያለ ልጅ ነበር፤ ልጄን ያስተምርልኝ ነበር» አሉ። ከዚያ ወደ ጋሽ ፈንታው ጆሮ ጠጋ አሉ። «በዚህ ሰዓት መጠየቁ ደግ አይደለም፤ ሟቹ እጅ ላይ ግን ሁለት አምፕሊፋየሮች ነበሩኝ።»

«እኔ ጋ ናቸው ጋሽ ካሳው» አልኩ ከኋላቸው።

የያዙት ንፍሮ ሁሉ ተበተነ። ከተረጋጉ በኋላ አሮጌውን እንደምወስድ ስነግራቸው ማመን አቃታቸው። «ያንን? ስንት ሰው ገፍቶት የሄደውን? መብራት እንኳ የለውም!»

«ጋሽ ካሳው፣ ይህን ድንኳን ያስተከለው እኮ እሱ ነው» አሏቸው እትዬ ዝማም።

ያ ማሽን ዛሬም ክፍሌ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እጄን አጣጥፌ እሰማበታለሁ። አንዳንዴ እትዬ ዝማም ግድግዳውን ይደበድቡና «ዛሬ ማን ሞተ?» ይሉኛል። የእማማን ቅጂ ግን አጥፍቼዋለሁ። ያዘዙኝ እሳቸው ናቸው፤ «ተለቅሷል፤ በቃ» አሉኝ። አሁን ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ሲኖር ጥግ አይቀመጡም።

ያን ቀን ሳስታውስ ድንኳን መያዜ ያሳፍረኛል፤ የጋሽ ካሳው ነገር ያስቀኛል። እማማ በሩን ገፍተው ሲገቡ የነበረውን ሳስብ ግን ማፈርም መሳቅም አይሆንልኝም። አንድ ጫማቸው ወልቆ ነበር። ያቺ ስንኝ ስለ እኔ ነበረች፤ ግማሿን ብቻ ነው የሰማሁት። ያላለቀ ነገር ስለማይሆንልኝ በሳምንቱ፣ «እማማ፣ ከ‹ጠመኔ ለብሶ› ቀጥሎ ምን ሊሉ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ሽንኩርት እየላጡ ነበር። ቀና እንኳ አላሉም።

«ቀሪውን መስማት ከፈለግህ መሞት አለብህ» አሉኝ።

አልቸኩልም። ግን ቀሪው ስንኝ እንዳለ አውቃለሁ።